የክሊኒክ ቀጠሮና የተረኛ ፕሮግራም በሶፍትዌር እንዴት ይወጣል

ሶፍትዌሩን ከመግዛታችሁ በፊት ሰዓት ለኩ። ካርድ ክፍል ያለችው ሠራተኛ እያንዳንዱ ታካሚ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት ለጥቂት ሳምንት ትመዝግብ። አዲስ ታካሚ፣ ውጤት ሊያሳይ የመጣና ቁስሉን ሊያሳጥብ የመጣ ለየብቻቸው ይያዙ። ለሁሉም እኩል 15 ደቂቃ የሚያድል ፕሮግራም ወረፋውን ያባብሰዋል እንጂ አያቃልለውም።

ቀጥሎ ሰዓቱንና ቀኑን አስተካክሉ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። አንድ ክሊኒክ ለሆድ አልትራሳውንድ ለቀጠራቸው እናት «ምግብ ሳይበሉ 8:00 ይምጡ» የሚል መልእክት ላከላቸው። ሶፍትዌሩ ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ነው። እሳቸው ግን እህል ሳይቀምሱ ውለው፣ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ከተፍ አሉ። አልትራሳውንድ የምታነሳው ባለሙያ ወጥታለች። መልእክቱ «ማክሰኞ ጥቅምት 4 ጠዋት 2 ሰዓት» ብሎ ይጻፍ። ሻጩን «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሠራል?» ብትሉት «እንዴታ!» ይላችኋል። ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ላይ ቀጠሮ ያዝልን በሉት፤ ያኔ ይታያል።

የአዳር ተረኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ኮምፒውተሩ ቀኑን ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ይቆርጠዋል። ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ የምታድረውን ነርስ ግማሹን ለሰኞ፣ ግማሹን ለማክሰኞ ይጽፍላታል። ከዚያ ማክሰኞ ጠዋት «ነጻ ናት» ብሎ ይመድባታል። አዳሩን እንደ አንድ ተራ በሰኞ ስም መዝግቡና ከኋላው ዕረፍት አስሩበት።

አሁን ደንቦቹን አስገቡ። የግል ክሊኒክ ከሆናችሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አለ፦ መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አያልፍም። የትርፍ ሰዓት ክፍያው ቀን 1.5 እጥፍ ነው፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ግን 1.75 ይሆናል። ይህን የማይጣስ ግዴታ አድርጋችሁ አስገቡት። «ዓርብ ማታ ትምህርት አለኝ» የሚለውን ግን እንደ ምርጫ አስገቡት። የሁሉን ሰው ፍላጎት ግዴታ ካደረጋችሁት ፕሮግራሙ ጭራሽ መፍትሔ አያገኝም።

አንዳንዱ ሶፍትዌር ማን እንደሚቀር ገምቶ በአንድ ሰዓት ሁለት ሰው ይቀጥራል። እኔ አልወደውም። የቆየ መዝገብ ከሌላችሁ ግምቱ ከምንም አይመጣም፤ ሁለቱም ከመጡ ደግሞ ጭቅጭቁ የእናንተ ነው። በዋዜማው ስልክ መደወል ይሻላል። ያለ ቀጠሮ ለሚመጣውም ክፍት ቦታ ተዉ፤ እኛ ጋ ሰው ሲያመው ነው የሚመጣው።

ሁሌም ማታ 11 ሰዓት ላይ የነገውን ዝርዝር በወረቀት አትሙ። አንዱ ካርድ ክፍል፣ አንዱ ተረኛ ክፍል ይለጠፍ። መብራት የሚጠፋው ወረፋው በሞላበት ጠዋት ነው።