የሳይክል ዲስክ ፍሬን ሲጮህ

የሳይክላችሁ ዲስክ ፍሬን የሚጮህ ከሆነ ሸራ ለመቀየር አትቸኩሉ። መጀመሪያ ድምፁን ለዩት። ዝናብ ሲነካው ብቻ የሚጮህ ከሆነ ሲደርቅ በራሱ ይጠፋል፤ ተዉት።

በደረቅ ቀን ፍሬን ስትይዙ የሚያፏጭ ከሆነ ግን መንስኤው ብዙ ጊዜ ቅባት ነው። ካቴና ላይ የሚነፋ ዘይት ዲስኩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት) ላይ ያርፋል። የጣት ወዝ እንኳ ይበቃዋል። ዲስኩ ሲቀዘቅዝ ንጹህ ጨርቅ በአልኮል አርሳችሁ ሁለቱንም ፊት ጥረጉት። በናፍጣ በፍጹም እንዳትሞክሩት፤ እሱ ራሱ ቅባት ይተዋል! ሸራዎቹን አውጥታችሁ ፊታቸውን በብርጭቆ ወረቀት በስሱ ፈግፍጉ፤ አቧራውን እንዳትስቡት። ዘይት የጠጣ ሸራ ግን ይቀየር። ከዚያ ጭር ያለ ሜዳ ላይ ፍጥነት እየያዛችሁ፣ ሙሉ በሙሉ ሳትቆሙ፣ 20 ጊዜ ያህል ፍሬን ያዙ። ይህችን ብዙ ሰው ይዘላታል፤ ሸራና ዲስክ የሚላመዱት ግን በዚህ ነው።

ፍሬን ሳትይዙ ሸር ሸር የሚል ከሆነ ብዙ ጊዜ ሸራዎቹን የያዘው ካሊፐር ቦታውን ስቶ ነው። ካሊፐሩን ከሳይክሉ ጋር ያሰሩትን ሁለቱን ብሎኖች አላልታችሁ፣ የፍሬኑን እጀታ ጨብጣችሁ እንደያዛችሁ መልሳችሁ አጥብቁ። ብረት ከብረት ሲፋጭ ከሰማችሁ ግን ሸራው አልቋል፤ ሳይቀየር አትንዱት።