ባንኮች ሲዋሃዱ የሒሳብ ፕሮግራማችሁ ለምን ይዘበራረቃል?

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለምንኖር ነገሩ አዲስ አይደለም። ሰንትረስት እና ቢቢኤንድቲ በ2019 መጨረሻ ተዋሃዱና ትሩዊስት ሆኑ። የሰንትረስት ደንበኞች ግን ወደ ትሩዊስት ሲስተም የተዛወሩት በፌብሩዋሪ 2022 ነው። ባንኮቹ የተዋሃዱበት ቀን ሌላ፣ አካውንታችሁ የሚዛወርበት ቀን ሌላ ነው። ለመዝገባችሁ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ስለሆነ ባንኩ ሲያሳውቃችሁ ጻፉት።

ምንም ነገር ሳትነኩ ፋይላችሁን ባክአፕ አድርጉ። የድሮው ባንክ ድረ ገጽ ሳይዘጋም ስቴትመንቶቹን አውርዱ። ቢያንስ የመጨረሻው እንዳያመልጣችሁ።

ፕሮግራሙ ከባንኩ ጋር አልገናኝ አለ

የያዘው የድሮውን ባንክ አድራሻ ስለሆነ ነው። ፓስወርድ ደጋግሞ መሞከር ምንም አይፈይድም፤ ጭራሽ አካውንቱን ሊያስቆልፍባችሁ ይችላል። ኩዊክን በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ከሆነ የአካውንቱን ማስተካከያ ክፈቱና «ኦንላይን ሰርቪስስ» የሚለው ውስጥ «ዲአክቲቬት»ን ተጫኑ። ከዚያ በአዲሱ ባንክ ስም እንደገና አገናኙት። እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ፕሮግራሙ አዲስ አካውንት ልክፈት ወይስ ካለው ጋር ላያይዘው ብሎ ይጠይቃችኋል። ካለው ጋር አያይዙት። የተቀየረው የባንኩ ስም ነው፤ ገንዘቡ ያው የእናንተ ነው።

ገንዘቤ እጥፍ ሆነ

ያስደስታል፣ ግን ውሸት ነው። «አዲስ» የሚለውን ተጭናችኋል ማለት ነው። አሮጌው አካውንት ከነባላንሱ ተቀምጧል፤ አዲሱም ያንኑ ገንዘብ ይዞ መጥቷል።

እኔም አንድ ጊዜ ተጭኜዋለሁ። ስህተቴን ላርም ብዬ ደግሞ የባሰ ሠራሁ፦ አሮጌውን ባዶ ለማድረግ «ወጪ»፣ ለአዲሱ «ገቢ» ብዬ መዘገብኩ። ዓመቱ ሲያልቅ ሪፖርቱን ሳወጣ በአንድ ቀን የስንት ወር ደሞዝ አግኝቼ፣ እዚያው ቀን ሙልጭ አድርጌ አጥፍቼዋለሁ። ባለቤቴ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅኩም።

የሚሻለው ባክአፑን መልሶ በትክክል ማያያዝ ነው። ጊዜው ካለፈ ግን በዝውውሩ ቀን ከአሮጌው ወደ አዲሱ «ትራንስፈር» ብላችሁ መዝግቡ። ፕሮግራሙ ራሱ በአዲሱ አካውንት ላይ የፈጠረው የመነሻ ባላንስ ካለ እሱን አጥፉት፤ አለበለዚያ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ይገባል።

እያንዳንዱ ግዢ ሁለት ሁለት ጊዜ መጣ

ብዙ ሰው የሚማረረው በዚህ ነው። ከባንኩ በምታወርዱት ፋይል ውስጥ እያንዳንዱ ትራንዛክሽን የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ፕሮግራሙ «ይህን አውቀዋለሁ» ብሎ የሚያልፈው በዚያ ቁጥር ነው። አዲሱ ባንክ ለዚያው ግዢ ሌላ ቁጥር ከሰጠው ግን እንደ አዲስ ይቆጥረዋል። ፋይሉ ሁለትና ሦስት ወር ወደ ኋላ ከሄደ ያ ሁሉ ይደገማል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ፋይል ከባንኩ ድረ ገጽ በእጃችሁ አውርዱ። መነሻ ቀኑን ከዝውውሩ ቀን ማግስት አድርጉት። ድግግሞሹ ገብቶ ከሆነ አዲስ የመጣውን አጥፉ፣ የቆየውን ተዉት። የቆየው ምድቡን እና ማስታወሻውን ይዟል፤ በኩዊክን ከስቴትመንት ጋር ከታረቀ (ተመሳክሮ ከገጠመ) «አር» የሚል ምልክት አለበት። እሱን ከነካችሁ ያለፉት ወራት ሒሳብ ሁሉ ይናጋል።

ግኑካሽ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። የትኛው የባንክ ቁጥር ወደ የትኛው መዝገብ እንደሚገባ አንዴ ካሳያችሁት አይረሳም፤ ስህተታችሁንም ጭምር። ማስተካከያው «ቱልስ» ሥር «ኢምፖርት ማፕ ኤዲተር» ውስጥ ነው።

ባላንሱ አልገጥም አለ

መጀመሪያ የድሮውን ባንክ የመጨረሻ ስቴትመንት እስከ ሳንቲሟ አስታርቁ። እሱ ሳይዘጋ ወደ አዲሱ አትለፉ። ለዕቁብ ዳኛው የሰጣችሁት ቼክ ገና አልተመነዘረ ይሆናል፤ ያ ስህተት አይደለም፣ ይጠብቅ።

ልዩነቱ ከቀጠለ ለሁለት ክፈሉት። 240 ዶላር ከጎደለ የ120 ዶላር ክፍያ ፈልጉ፤ ወጪ የነበረ በገቢ በኩል ገብቶ ይሆናል። ልዩነቱ ለ9 የሚካፈል ከሆነ አሃዞቹን አቀያይራችሁ 254ን 245 ብላችሁ ጽፋችሁ ሊሆን ይችላል። የድሮ ሒሳብ ሠራተኞች ዘዴ ነው፣ ዛሬም ይሠራል። «ባላንስ አስተካክል» የምትለዋን አዝራር ግን እንዳትነኩ። ልዩነቱን ትሸፍነዋለች እንጂ አታገኘውም።

አንድ የቀረ ነገር፦ ዝውውሩ በዓመቱ መካከል ከሆነ ለወለዱ ሁለት 1099-አይኤንቲ (የወለድ ገቢ ማሳወቂያ) ፎርም ሊመጣላችሁ ይችላል። ታክስ ከማስገባታችሁ በፊት የሁለቱን ድምር ከመዝገባችሁ ወለድ ጋር አመሳክሩ።