በአማርኛ የተጻፈ ሂሳብ ኤችሌጀር ላይ ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

ከፊራም ይሁን ታይዋን ገበያ፣ ድሬዳዋ ውስጥ የብዙ ሱቅ ሂሳብ ያለው ደብተር ላይ ነው። ደብተሩን ወደ ኮምፒውተር ማዞር ለሚፈልግ ሰው ኤችሌጀር የሚባለው የሂሳብ መያዣ ፕሮግራም ጥሩ ምርጫ ነው። ነፃ ነው፤ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ መዝገቡም ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ በማንኛውም ማስታወሻ መጻፊያ ይከፈታል። ሂሳቡን በአማርኛ መጻፍም ይቻላል። እንዲያውም ሱቁ ውስጥ የሚሠራ ሁሉ አንብቦ እንዲረዳው በአማርኛ ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ። ግን የእኛ ፊደልና የእኛ ቀን አቆጣጠር የራሳቸው ችግር ይዘው ይመጣሉ። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ፕሮግራሙ ምንም ሳይናገር የሚያልፈው ስህተት ነው።

ትእዛዞቹን እዚህ በድምፃቸው ጽፌያቸዋለሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚገቡት። ትክክለኛ መዝገብ ይህን ይመስላል፦

2025-10-14 ከከፊራ ዕቃ ማመላለሻ
    ወጪ:ባጃጅ  150 ብር
    ሀብት:ጥሬ ገንዘብ

የመጨረሻው መስመር ላይ መጠን ባይጻፍም ኤችሌጀር ራሱ 150 ብር ከጥሬ ገንዘቡ ይቀንሳል።

አንዱ ሂሳብ ሁለት ሆኖ ይወጣል

የሂሳቦቹን ቀሪ ለማየት "ባላንስ" ብላችሁ ስታዙ "ዕቁብ" አንድ መስመር ላይ፣ "እቁብ" ሌላ መስመር ላይ ይመጣል። ገንዘቡም ለሁለት ተከፍሏል። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። "ሀብት"፣ "ሃብት" እና "ሐብት" ሦስት ሂሳብ ይሆናሉ። ጠዋት አንድ ሰው፣ ከሰዓት ሌላ ሰው የሚመዘግብበት ሱቅ ውስጥ ይህ አይቀሬ ነው።

የሁለት ነጥብና የድርብ ሰረዝ ጉዳይም አለ። የአማርኛ ኪቦርድ ሁለት ነጥብ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ የእኛን "፡" ነው የሚሰጠው። ኤችሌጀር ንዑስ ሂሳብ የሚለየው በላቲኑ ":" ብቻ ነው። ስለዚህ "ወጪ፡ባጃጅ" ብላችሁ ከጻፋችሁ "ወጪ" ሥር አይገባም፤ ለብቻው የቆመ ሂሳብ ይሆናል። የወጪ ድምር ሲያንስባችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። ማስታወሻ በሚያስጀምረው ";" ፋንታ "፤" ማድረግም እንዲሁ ነው፤ ማስታወሻ ያላችሁት ጽሑፍ የሂሳቡ ስም ውስጥ ሊገባ ይችላል።

መፍትሄው፦ "አካውንትስ" የሚለው ትእዛዝ ፋይሉ ውስጥ ያሉትን የሂሳብ ስሞች በሙሉ ይዘረዝራል። እዚያ ላይ መንታዎቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። አንዱን አጻጻፍ ምረጡና ሌላውን በመጻፊያው ፈልጎ መተኪያ ለውጡት። ከዚያ ፋይሉ አናት ላይ እያንዳንዱን ስም "አካውንት" ከሚል ቃል ቀጥሎ አስመዝግቡ። ከዚህ በኋላ "ቼክ አካውንትስ" ስትሉ ያልተመዘገበ ስም ካለ ከነመስመር ቁጥሩ ይነግራችኋል። እኔ ማንኛውም ሪፖርት ላይ "--ስትሪክት" ጨምሩበት እላለሁ። ትንሽ ያዘገያል፤ ግን ዝም ብሎ የሚያልፈውን ስህተት እንዲናገር ያስገድደዋል።

ሚዛኑ አልጠበቀም የሚል ስህተት ይመጣል

በሂሳቡ ስምና በመጠኑ መካከል ቢያንስ ሁለት ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። አንድ ብቻ ከሆነ "ወጪ:ባጃጅ 150 ብር" ጠቅላላው የሂሳብ ስም ይሆናል። የሂሳብ ስም ልክ እንደ "ጥሬ ገንዘብ" በውስጡ አንድ ክፍት ቦታ ሊኖረው ስለሚችል ነው። ሌላኛው መስመርም መጠን ከሌለው ስህተቱ ወዲያው ይነገራችኋል። መጠን ካለው ግን ምንም ሳይል ያልፋል፤ በኋላ "አካውንትስ" ዝርዝር ውስጥ ቁጥር የተሸከመ ስም ታገኛላችሁ።

1,500 እና 800 ሲደመሩ 801,500 ይሆናሉ

ይህ ያስደነግጣል፤ ግን ቀላል ነው። አንድ ኮማ ብቻ ያለበትን ቁጥር ኤችሌጀር እንደ አስርዮሽ ነጥብ ነው የሚያነበው። ስለዚህ 1,500 ብር አንድ ብር ከሃምሳ ሆነ ማለት ነው። ፋይሉ አናት ላይ "ኮሞዲቲ 1,000.00 ብር" ብላችሁ ጻፉ፤ ኮማው የሺህ መለያ፣ ነጥቡ የሳንቲም መሆኑን ያውቃል።

ግን "ብር" የሚለውን የረሳችሁበት ቁጥር ሌላ ገንዘብ ተብሎ ነው የሚቆጠረው። አንዱ መስመር 500 ብር፣ ሌላው -500 ብቻ ቢሆን ምንዛሪ ያደረጋችሁ መስሎት ይቀበለዋል። ድምሩ ላይ ሁለት ዓይነት ገንዘብ ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ነው። "ቼክ ኮሞዲቲስ" ቦታውን ያሳያችኋል።

የዚህ ወር ሪፖርት ባዶ ነው

ሽያጩ ተመዝግቧል፤ ሪፖርቱ ግን ምንም የለውም። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ጽፋችሁት ይሆናል። ኤችሌጀር የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። መስከረም 20 ቀን 2018ን "2018-01-20" ብትሉት በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2018 ላይ ያስቀምጠዋል፤ አንዳችም ቅሬታ አያሰማም። ጥቅምት 30ን "2018-02-30" ስትሉት ነው የሚጮኸው፤ ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውማ። ጳጉሜንም እንዲሁ፣ 13ኛ ወር አያውቅም።

ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መደመር አያስተካክለውም፤ ወሩም ቀኑም ይለያያል። የቀኑ ቦታ ላይ የፈረንጁን ጻፉ፤ የእኛን ደግሞ ከጎኑ በማስታወሻ አስቀምጡ። የተበላሸውን በቀን መቁጠሪያ እያያችሁ አንድ በአንድ ከማረም ውጪ አቋራጭ የለውም።

የበጀት ዓመቱን ስታወጡ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። የ2018 በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን 2017 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2018 ነው። ትእዛዙ "--ቢጊን 2025-07-08 --ኤንድ 2026-07-08" ይሆናል። የ"ኤንድ" ቀን ራሱ አይቆጠርም። ሰኔ 30 የሚውለው 2026-07-07 ስለሆነ ያንን ብትጽፉ የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ሽያጭ ይቀራል።

ባላንስሺት (የሀብትና የዕዳ መግለጫ) ባዶ ይወጣል

የሂሳብ ስሞቹ በእንግሊዝኛ ቢሆኑ ኤችሌጀር ዓይነታቸውን ራሱ ይገምታል። "ሀብት" እና "ዕዳ" ግን ምን እንደሆኑ ልትነግሩት ይገባል። "አካውንት ሀብት" ካላችሁ በኋላ ሁለት ክፍት ቦታ ተዉና "; ታይፕ: ኤ" ጨምሩ። ለዕዳ ኤል፣ ለካፒታል ኢ፣ ለገቢ አር፣ ለወጪ ኤክስ ነው። ንዑሶቹ የእናታቸውን ይወርሳሉ፤ "ሀብት:ዱቤ"ን ለብቻው ማስመዝገብ ለዚህ አያስፈልግም።

ገቢው በመቀነስ ምልክት ይታያል

ስህተት አይደለም። "ባላንስ" ላይ ገቢ ሁሌም ከዜሮ በታች ነው። "ኢንካምስቴትመንት" (የገቢና ወጪ መግለጫ) ብላችሁ ብታዙ ምልክቱን ገልብጦ ያሳያል። ተከፍሎ ያለቀ ዱቤ ከዝርዝሩ ከጠፋም አትደንግጡ፤ ዜሮ የሆነውን ይደብቃል። "--ኤምፕቲ" ስትጨምሩ ይመጣል።

ቴሌብር ላይ ካለው ጋር አይገጥምም

ማታ ማታ ስልኩ ላይ ያለውን ቀሪ እዩና የዕለቱ መጨረሻ መዝገብ ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ "= 3200 ብር" ብላችሁ ጻፉ። ካልገጠመ ኤችሌጀር ልዩነቱን ነግሯችሁ ይቆማል። ስህተቱን የምትፈልጉት በመጨረሻው በገጠመውና ባልገጠመው መዝገብ መካከል ብቻ ነው። ጆን ዊግሊ በ2003 ከጀመረው ከቀዳሚው ፕሮግራም ከሌጀር የመጣችሁ ግን ተጠንቀቁ። ሌጀር ይህን የሚያረጋግጠው በፋይሉ ቅደም ተከተል ነው፤ ኤችሌጀር በቀን ቅደም ተከተል። ዘግይቶ ከታች የተጻፈ የትናንት ደረሰኝ አንዱ ላይ አልፎ ሌላው ላይ የሚወድቀው በዚህ ነው፤ ደረሰኙን ወደ ቀኑ ቦታ አውጡት።