ግራጫውን ዓሣ ነባሪ ከጠረፍ ላይ ሆኖ ማየት፦ ከወሎ ለሚጓዝ ተመልካች

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ ወይም ከወልድያ ተነሥቶ ልጆቹን ለመጠየቅ ወደ ሲያትል ወይም ወደ ካሊፎርኒያ የሚሄድ ሰው፣ ጉዞው ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ላይ ከዋለ፣ ግራጫውን ዓሣ ነባሪ በመኖሪያው ለማየት ጥሩ ዕድል አለው። ጀልባ መሳፈር ግዴታ አይደለም። ይህ እንስሳ ከአብዛኞቹ ታላላቅ ዓሣ ነባሪዎች በተለየ የጠረፉን መስመር ይዞ ስለሚጓዝ፣ ወደ ባሕሩ ገፋ ባለ ገደል ላይ የቆመ ተመልካች በዓይኑ ሊከተለው ይችላል፤ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ሩቁን መቃኘት ደግሞ ለወሎ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

ዓሣ ነባሪዎቹ በቤሪንግና በቹክቺ ባሕሮች ሲመገቡ ከርመው፣ ለመውለድና ለመራባት በሜክሲኮ ወደሚገኙት የባሃ ካሊፎርኒያ ሐይቅ መሰል ሰርጦች ይወርዳሉ። የደርሶ መልሱ ርቀት ከ16,000 እስከ 20,000 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ወደ ደቡብ ሲወርዱ በካሊፎርኒያ ጠረፍ በብዛት የሚያልፉት ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ ጥር ነው፤ የመልሱ ጉዞ በየካቲት ይጀምራል። ምርጫው በእጁ የሆነ ሰው ሚያዝያን ይምረጥ፤ ግልገል ያስከተሉ እናቶች በዚያ ወር ከሁሉ ኋላ ሆነው፣ ጠረፉን በጣም ተጠግተው ያልፋሉና። በሲያትል አቅራቢያ ደግሞ ጥቂት ዓሣ ነባሪዎች በየዓመቱ በመጋቢትና በሚያዝያ ከጉዞው መስመር ወጥተው በዊድቢ ደሴት ዙሪያ ጭቃ ውስጥ የሚኖር ሽሪምፕ ይለቅማሉ። ለመመልከቻነት ከታወቁት ቦታዎች መካከል በካሊፎርኒያ ፖይንት ሬይስና የሳን ዲየጎው ፖይንት ሎማ፣ በኦሪገን ደግሞ ዲፖ ቤይ ይገኙበታል።

ሰዓቱ ማለዳ ይሁን፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት። በዚያ ጠረፍ ባሕሩ በስተ ምዕራብ ስለሆነ የማለዳዋ ፀሐይ ከጀርባ ትሆናለች፤ ነፋሱም ገና አይበረታም። ነፋስ ሲነሣ የማዕበሉ ነጭ አረፋ የእንስሳውን ትንፋሽ ስለሚደብቅ፣ ያን ጊዜ ወደ ቤት መመለሱ ይሻላል።

የሚፈለገው እንስሳው ሳይሆን ትንፋሹ ነው። ባይኖኩላሩን በአንገት አንጠልጥሎ በመጀመሪያ በባዶ ዓይን፣ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብሎ ባሕሩን መቃኘት ይገባል፤ ከመጀመሪያው ባይኖኩላር ዓይኑ ላይ የሚለጥፍ ሰው ሰፊውን ባሕር በጠባብ ቀዳዳ ስለሚያይ ብዙ ያመልጠዋል። ትንፋሹ ከ3 እስከ 4 ሜትር ከፍ ብሎ የሚበተን ነጭ ጉም ነው፤ ከፊት ወይም ከኋላ ለሚያየው የልብ ቅርጽ ይይዛል። ባይኖኩላሩ የሚነሣው ትንፋሹ ከታየ በኋላ ነው። በጀርባው ላይ የቆመ ክንፍ የለም፤ ዝቅ ያለ ጉብታ፣ ከዚያም እስከ ጅራቱ የሚወርዱ ከ6 እስከ 12 የሚሆኑ ትናንሽ ጉጦች ይታያሉ። ግራጫው ቆዳ በጠባሳና በላዩ ላይ በተጣበቁ ቅርፊታም ፍጥረታት ነጭ በነጭ ሆኖ የተዥጎረጎረ ነው።

ከዚህ በኋላ መቁጠር ይጀመራል። በጉዞ ላይ ያለ ግራጫ ዓሣ ነባሪ አብዛኛውን ጊዜ በ15 ወይም በ30 ሰከንድ ልዩነት ከ3 እስከ 5 ጊዜ ከተነፈሰ በኋላ ጅራቱን ከውኃው በላይ አንሥቶ ይሰምጣል፤ ተመልሶ የሚወጣው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቆይቶ ነው። አብዛኛው ጀማሪ ጅራቱ የጠፋበትን ቦታ አፍጥጦ ሲጠብቅ እንስሳው አልፎት ይሄዳል። በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በአራት ደቂቃ ውስጥ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃልና ዓይን ቀድሞት ወደፊት መሄድ አለበት። ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ሲሄድ ጅራቱ በመታ ቁጥር ላዩ ላይ ዘይት የፈሰሰበት የሚመስል ክብ ልስላሴ ይተዋል፤ እነዚህን ክቦች ተከትሎ አቅጣጫውን ማወቅ ይቻላል።

ይህን ሥራ እዚሁ መለማመድ ይቻላል። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው የሐይቅ ዳርቻ ተቀምጦ፣ ጠልቃ የምታድን አንዲት የውኃ ወፍ መርጦ፣ የሰመጠችበትን ቦታና የቆየችበትን ሰከንድ መዝግቦ፣ የምትወጣበትን ቦታ አስቀድሞ መገመት ነው። ግምቱ መስመር ሲይዝ ዓይኑ ለባሕሩ ተዘጋጅቷል።

በአንድ ቦታ የሚዞርና ጭቃማ ደመና የሚያስነሣ እንስሳ ከታየ እየበላ ነው፤ ብዙ ጊዜ በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ ከባሕሩ ወለል ጭቃ ይምግና በውስጡ ያሉትን ጥቃቅን ፍጥረታት አጣርቶ ያስቀራል። ጥርስ የለውም፤ የነቢዩ ዮናስን ወይም የዩኑስን ታሪክ ሰምተው «ይውጠን ይሆን?» ብለው ለሚጠይቁ ልጆች ይህን መንገር ይበቃል። አንዳንዴ ራሱን ቀጥ አድርጎ ከውኃው በላይ ያቆማል፤ አንዳንዴም አብዛኛውን አካሉን አውጥቶ ይዘልና በጎኑ ይወድቃል። ከራሱ ኋላ ያለው ሥጋ ጎድጉዶ የሚታይ ከሆነ ግን ከስቷል ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2023 ባሉት ዓመታት በዚህ ጠረፍ ሞተው ከተገኙት ብዙዎቹ እንደዚህ የመነመኑ ነበሩ።

ጀልባ የሚመርጥ ሰው በአሜሪካ ውኃ ላይ ቢያንስ የ100 ያርድ፣ ማለትም የ91 ሜትር ርቀት መጠበቅ እንዳለበት ይወቅ፤ በእናትና በግልገል መካከል መግባት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። በሜክሲኮው ሳን ኢግናስዮ ሰርጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ እናቶቹ ራሳቸው ግልገላቸውን ይዘው ወደ ትናንሽ ጀልባዎች ይጠጋሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግልገሎቻቸውን ለማዳን ጀልባ ይሰባብሩ ስለነበር፣ ዓሣ ነባሪ አዳኞች የሰይጣን ዓሣ ይሏቸው የነበሩት እነዚሁ ናቸው።

ወቅቱ ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፣ በአንዳንድ ዓመታትም ከረመዳን ጋር። ባዶ ሆድ የባሕር ማጥወልወልን ስለሚያብስ፣ የሚጾም ሰው ጀልባውን ትቶ ጋቢውን ደርቦ ገደሉ ላይ ቢቀመጥ ይመረጣል።