የጉልበት ጅማቱ የተጎዳ ውሻ፦ ማሰር ዕረፍት አይደለም

ውሻው የኋላ እግሩን አንጠልጥሎ በሦስት እግር ሲሄድ ካያችሁት መጀመሪያ መዳፉን ፈትሹ። የግራር እሾህ በበዛበት አካባቢ አብዛኛው ማነከስ ከዚያ ነው የሚመጣው። መዳፉ ንጹሕ ከሆነ ወደ ጉልበቱ ውጡ። ጅማቱ የተጎዳ ውሻ ቆሞ ሳለ የጣቱን ጫፍ ብቻ መሬት ያስነካል። ሲቀመጥ ጉልበቱን ማጠፍ ስለሚያመው እግሩን ወደ ጎን ዘርግቶ ይቀመጣል። ከኋላው ሆናችሁ ሁለቱን ጭኖቹን በሁለት እጃችሁ ብትይዙ የታመመው ቀጥኖ ታገኙታላችሁ። ጉልበቱ በውስጥ በኩል ጠንክሮ ከወፈረ ደግሞ ነገሩ ሰንብቷል ማለት ነው።

ይህ ጅማት የጭን አጥንትን ከቅልጥም ጋር አስሮ ቅልጥሙ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ይይዛል። ሰው ላይ ብዙ ጊዜ በአንድ ክፉ መውደቅ ይበጠሳል፤ ውሻ ላይ ግን እንደ አሮጌ የጉድጓድ ገመድ ክር በክር እየላላ ቆይቶ በመጨረሻ በትንሽ ዝላይ ይለቃል። አንዱ ጉልበት ከሄደ በኋላ ግማሽ በሚሆኑት ውሾች ላይ ሌላውም የሚከተለው ለዚህ ነው።

ሐኪሙ ጭኑን በአንድ እጅ ይዞ ቅልጥሙን ወደ ፊት በመግፋት ይመረምራል። እናንተ እቤት አትሞክሩት፤ ያመዋል፣ የሚያመው ውሻ ደግሞ ባለቤቱንም ይነክሳል። ራጅ ጅማቱን ራሱን አያሳይም፤ የሚያሳየው በመገጣጠሚያው ውስጥ የተጠራቀመውን ፈሳሽና የአጥንቱን ለውጥ ነው። በድሬዳዋና በሐረር መካከል ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፤ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ራጅ መኖሩን ጠይቁ። ከድሬ የምትነሱ ከሆነ የደንገጎን ጠመዝማዛ አስቡ፦ ውሻው በመኪናው ወለል ላይ፣ ከሥሩ ወፍራም ነገር ተነጥፎለት ይተኛ። ባጃጅ ውስጥ ቆሞ በየኩርባው ሚዛኑን ሲጠብቅ የሚጎዳው ያው ጉልበት ነው።

ከ15 ኪሎ በታች የሆነ ውሻ ያለ ቀዶ ሕክምና ደህና ሊሆን ይችላል። ከባዱ ውሻ በዕረፍት ብቻ እምብዛም አይድንም። ቀዶ ሕክምናው ወይ ከመገጣጠሚያው ውጭ በጠንካራ ናይለን ክር ማሰር ነው፣ ወይ ቅልጥሙን ቆርጦ አዙሮ በብረትና በብሎን ማያያዝ ነው። ሁለተኛው ልዩ መሣሪያና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፤ ሐኪሙ ከዚህ በፊት ሠርቶት እንደሆነ መጠየቅ ነውር የለውም። ወጌሻ ጋ መውሰድ ግን ይቅር። የወለቀ አጥንት ስለሌለ የሚመለስ ነገር የለም፤ በቀርከሃ ጠፍሮ ማሰሩ ደግሞ የጭኑን ጡንቻ ያሟሽሸዋል፣ ጉልበቱን የሚደግፍ የቀረው እሱ ነው።

ቀዶ ሕክምና ተደረገም አልተደረገም፣ ዋናው ሥራ ከ8 እስከ 12 ሳምንት የሚቆየው ዕረፍት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በሰንሰለት ማሰር ዕረፍት አይደለም። የግቢ ውሻ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ይስፈነጠራል፣ ሰንሰለቱ ሲያልቅ ተመንጭቆ ይቆማል። ጉልበት የሚበላው ዝግ ያለ እርምጃ ሳይሆን ይሄ ድንገተኛ መስፈንጠር ነው። ስለዚህ ከውጭ በር የራቀ፣ መንገድ የማይታይበት ክፍል ስጡት፤ ለትልቅ ውሻ 2 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል ይበቃል። ድሬዳዋ ላይ በቆርቆሮ የተሸፈነ ሰርቪስ ቤት ውስጥ መዝጋት ግን መግደል ነው፤ ነፋስ የሚገባበት፣ ጥላ ያለው፣ ውኃ የማይጠፋበት ይሁን። ሊሾና ሴራሚክ ያንሸራትታሉ። ማዳበሪያ ወይም ሰሌን ብታነጥፉ ራሱ ስለሚንሸራተት ይብሳል፤ የመኪና ጎማ ምንጣፍ ይሻላል።

በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት በረዶ በፎጣ ጠቅልላችሁ ጉልበቱ ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ያዙ። ለሽንት ሲወጣ ጋቢ ወይም ፎጣ በሆዱ ሥር አሳልፋችሁ ሁለቱን ጫፍ ወደ ላይ ደግፉ። ወንድ ከሆነ ጨርቁ መሽኛውን እንዳይሸፍን፤ ከሸፈነው አይሸናም፣ እናንተም እምቢ አለ ትላላችሁ።

በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት በአጭር ገመድ 5 ደቂቃ ብቻ፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ይውጣ። አካሄዳችሁ ቀስ ይበል። ከፈጠናችሁ ውሻው በሦስት እግር እየዘለለ ይከተላችኋል፤ ቀስ ካላችሁ አራተኛውን ለመርገጥ ይገደዳል። ቀዶ ሐኪሙ ሌላ ካላዘዘ ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ጨምሩ። በማግስቱ ጠዋት ማነከሱ ከባሰ ወዳለፈው ሳምንት መጠን ተመለሱ። በድሬ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ የከዚራ ሜዳማ ጎዳና ከዛፎቹ ሥር ምቹ ነው። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ለስላሳ ቢመስልም እግር ያሰምጣል፣ ጉልበት ያጣምማል፤ እስከ 8ኛው ሳምንት ተዉት። ሐረር ላይ የጀጎልን ቁልቁለትና ደረጃ ትታችሁ ከግንቡ ውጭ ያለውን ሰፊ መንገድ ያዙ። ከመሸ በኋላ ደግሞ ጨርሶ አታውጡት፤ ጅቡ ከተማ ይገባል፣ በሦስት እግር የሚሄድ ውሻ ደግሞ አያመልጠውም።

ሐኪሙ ሲፈቅድ በጤናማው ጎኑ አስተኝታችሁ እግሩን ቀስ ብላችሁ እጠፉ፣ ዘርጉ፤ 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር። እግሩን ከሳበ አቁሙ። ከ5ኛው ሳምንት በኋላ መቀመጥና መነሣት አለማምዱት፤ የታመመው እግር በግድግዳ በኩል እንዲሆን ጥግ ላይ አድርጉት፣ ወደ ጎን መዘርጋት አይችልም። 5 ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ።

መድኃኒት ላይ ቀልድ የለም። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል ለውሻ አትስጡ። ሜሎክሲካም ለውሻ ይታዘዛል፤ መጠኑ ግን በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 0.2 ሚሊግራም፣ ከዚያ በየቀኑ በኪሎ 0.1 ሚሊግራም ነው። ለሰው የሚሸጠው ባለ 7.5 ሚሊግራም ፍሬ ለ10 ኪሎ ውሻ የ7 ቀን መጠን አልፎ ይሄዳል። ሐኪሙ ሳያዝዝ አትጀምሩ፣ ከምግብ ጋር ስጡ፤ ዴክሳሜታዞን ተወግቶ ከነበረ ቀድማችሁ ንገሩት፣ ሁለቱ ሲደራረቡ ጨጓራ ያቆስላሉ። ትውከት ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ካያችሁ አቁማችሁ ደውሉ።

የማይንቀሳቀስ ውሻ ይወፍራል፤ እያንዳንዱ ትርፍ ኪሎ ጉልበቱ ላይ ነው የሚያርፈው። ምግቡን በሩብ ቀንሱ፣ ከልኳንዳ የሚመጣውን ጮማ ተዉ። የወጥ ትራፊም አይሰጠው፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። ወፍራም ከሆነ በሳምንት ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይቀንስ፤ 30 ኪሎ ከሆነ ከ300 እስከ 600 ግራም። እቤት ሚዛን ከሌለ የወፍጮ ቤቱ ሚዛን ይበቃል፤ ዘወትር በአንዱ ብቻ መዝኑት።

በ3ኛው ሳምንት ገደማ ማነከሱ ይጠፋና ውሻው መጫወት ያምረዋል። የሚለቀቀውም፣ የሚበላሸውም ያኔ ነው፤ ሕመሙ ቀለለ እንጂ ጉልበቱ ገና አልጠናም። እየተሻለው ቆይቶ ድንገት ከባሰበት፣ ሲራመድም ጉልበቱ ቀጭ ቀጭ ካለ፣ በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለችው ትራስ መሳይ ለስላሳ አጥንት ተቀድዳ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሳምንት ሐኪም ይየው።