ጌም ስትጫወቱ እጃችሁን ለሚያልባችሁ

ፐብጂ የሚባለው የስልክ ተኩስ ጌም ላይ የመጫወቻው ክብ ጠብቦ አራት ሰው ሲቀር አውራ ጣቴ ስክሪኑ ላይ መንሸራተት ይጀምራል። ልተኩስ ስል ካሜራው ወደ ሰማይ ይዞራል። ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም። ስክሪኑ ጣትን የሚለየው በኤሌክትሪክ ነው፣ ላብ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ጠብታዋንም እንደ ጣት ይቆጥራታል።

የመዳፍ ላብ ከጀርባ ላብ ይለያል። ጀርባ የሚያልበው በዋናነት ሲሞቅ ነው። መዳፍ ግን ልብ ሲመታና ሲጨንቅ ይብስበታል። ለዚህ ነው ቬንትሌተር ፊት ተቀምጣችሁም የሚያልባችሁ።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልበል። ከመጀመራችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ አድርቁ፣ ሎሽን አትቀቡ። ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ አትጫወቱ፣ ስልኩ ይግላል። ትንሽ የጥጥ ፎጣ ጭናችሁ ላይ አኑሩ፤ ሶፍት እየተበጣጠሰ ጣት ላይ ይጣበቃል።

ዋናው ስራ ግን ማታ ነው። ፋርማሲ ሄዳችሁ አሉሚኒየም ክሎራይድ ያለበት የላብ መከላከያ ጠይቁ። ዲዮድራንት ሁሉ አንድ አይደለም፣ ሽታ ብቻ የሚሸፍን ስላለ ጀርባውን አንብቡ። አሉሚኒየም ክሎራይድ ያለበት ግን የላብ ቀዳዳዎችን ለጊዜው ይደፍናል። እጅ እያላበ ከተቀባ ግን ላቡ አጥቦ ያወጣዋል፣ ስለዚህ ጌም ሊጀመር ሲል መቀባት ከንቱ ነው። እንቅልፍ ላይ መዳፍ ብዙም ስለማያልብ መድኃኒቱ ስራውን የሚሰራው ያኔ ነው።

እኔ መጀመሪያ ቀን ሻወር ወስጄ፣ እጄ ገና እርጥብ እያለ ቀባሁት። እኩለ ሌሊት ላይ መዳፌ እየተቃጠለ ነቃሁ፣ ጠዋት በጣቶቼ መሃል ያለው ቆዳ ተልጦ ነበር። መድኃኒቱ ከውሃ ጋር ሲገናኝ አሲድ እንደሚፈጥር ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። አሁን እጄን ታጥቤ፣ በፎጣ አድርቄ ግማሽ ሰዓት ያህል እቆያለሁ። ከዚያ ስስ አድርጌ ቀብቼ እተኛለሁ፣ ጠዋት እታጠባለሁ። ላቡ እስኪቀንስ በየማታው፣ ከዚያ በሳምንት አንድ ሁለቴ ይበቃል። የቆሰለ ቆዳ ላይ ፈጽሞ እንዳትቀቡት፣ ዓይናችሁንም እንዳትነኩበት።

ፓውደር አልመክርም። ሃይስኩል እያለሁ ሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት የፊፋ ውድድር ነበር፣ እኔም የሕፃን ፓውደር መዳፌ ላይ ነሰነስኩ። ከላቡ ጋር ተቦክቶ ጆይስቲኩ ውስጥ ገባ። የኤክስ ቁልፏን ስጫናት ተጣብቃ ትቀራለች፣ ተጫዋቼ ሳላዘው ያቀብላል። ተሸነፍኩ፣ ማሠሪያውንም ከፈልኩ። ለስልክ ከሆነ ጣት ላይ የሚጠለቀውን ስስ የጨርቅ ሽፋን ግዙ። ከሞከርኩት ሁሉ እሱን የሚያህል የለም፣ በየጊዜው እጠቡት ብቻ።

ጌም ሳትጫወቱም የሚያልባችሁ ከሆነ፣ ለምሳሌ ፈተና ስትጽፉ ወረቀቱ የሚርስ ከሆነ፣ ነገሩ ሃይፐርሃይድሮሲስ የሚባለው፣ ማለትም ከመጠን ያለፈ ላብ፣ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ በልጅነት ወይም በጉርምስና ይጀምራል፣ በቤተሰብም ይወርዳል። አባቴ ሰው ከመጨበጡ በፊት መዳፉን ሱሪው ላይ ይጠርግ ነበር፣ ለምን እንደሆነ የገባኝ አድጌ ነው። የቆዳ ሐኪም ከመቀቢያው ያለፈ ሕክምና አለው፤ እጅን ውሃ ውስጥ ነክሮ በአነስተኛ ኤሌክትሪክ ማከም አንዱ ነው። ላቡ በድንገት የጀመረ ከሆነ፣ ሌሊት አንሶላ የሚያረጥብ ከሆነ ወይም ክብደት እየቀነሳችሁ ከሆነ ግን መቀቢያ ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪም ጋ ሂዱ።