የደበዘዘውን የቦሄሚያ አበባ ማስቀመጫ እንዴት እንዳጠራሁት

አሮጌው የቦሄሚያ (የዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ አካል የሆነች አካባቢ) ብርጭቆ አበባ ማስቀመጫዬ ውስጡ ጉም የለበሰ ይመስል ነበር። በሳሙና አጠብኩት፣ በብሩሽ ፈተግኩት፤ ወይ ፍንክች! ለካ ተራ ቆሻሻ አይደለም። ለዓመታት አበባ ሲቀመጥበት ከውሃው የቀረ የካልሲየም ዝቃጭ ነው፤ እሱን ደግሞ ሳሙና አያሟሟውም፣ አሲድ ግን ያሟሟዋል።

ስለዚህ ነጭ ኮምጣጤና ለብ ያለ ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅዬ፣ ጉሙ እስከደረሰበት ድረስ ብቻ ሞላሁትና አሳደርኩት። ጠዋት በለስላሳ ስፖንጅ ሳሸው ለቀቀ። ታች ጥጉ ላይ የቀረችውን ሁለተኛ ሌሊት ጨረሰልኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! የፈላ ውሃ ግን እንዳትጨምሩ፤ አሮጌ ብርጭቆ በድንገተኛ ሙቀት ይሰነጠቃል።

አንድ ነገር አደራ። ወርቅ ቅብ ወይም የኢናሜል ቀለም (ብርጭቆ ላይ ተቀብቶ በእሳት የሚጋገር ቀለም) ያለበትን ቦታ ኮምጣጤ አይንካው፤ የኔ ጌጡ ውጭ በኩል ስለሆነ ነው የደፈርኩት። የጃፓን ኢማሪ ሸክላም ላይ እንዳትሞክሩት፣ ቀዩና ወርቁ የተቀባው ከሚያብረቀርቀው ልባስ በላይ ነው። የሮማ ዘመን ብርጭቆ ላይ ያለው ቀስተ ደመና መሳይ ንጣፍ ደግሞ በዘመናት ብዛት የተበላው ራሱ ብርጭቆው ስለሆነ አንዴ ከተነሳ አይመለስም። የናንተም ጉም ከኮምጣጤው በኋላ ካልለቀቀ ብርጭቆው ተበልቶ ሊሆን ስለሚችል መፈተጉን ተዉት።